የታተመን መጽሐፍ የሚገድለው ስልክ አይደለም





«የወረቀት ዘመን አልፏል» የሚለው ንግግር በወጣቶቻችን ዘንድ እየተለመደ መጥቷል። «አሥር ሺህ ኪታብ ስልኬ ውስጥ እያለ አንዱን ተሸክሜ የምዞረው ለምንድን ነው?» ይላል አንዱ። «አሁንም መጽሐፍ የሚገዛ ሰው አለ እንዴ?» ይላል ሌላው። ሦስተኛው ደግሞ ነገሩን የዲን ልብስ ያለብሰውና «ኢልም በነፃ ነው መሰራጨት ያለበት፤ መጽሐፍ መሸጥ ይቅር» ይላል።

ሦስቱም የሚያደርሱን አንድ ቦታ ነው። የታተመ መጽሐፍ ሟች ነው፣ ገዳዩም ስልክ ነው፣ እኛም ቆመን ከማየት በቀር የምናደርገው የለም የሚል ድምዳሜ ላይ። እኛ ይህን ድምዳሜ አንቀበልም። የታተመ መጽሐፍ ሊሞት ይችላል። በተለይ በአማርኛ የሚታተመው ኢስላማዊ መጽሐፍ አደጋ ላይ ነው። ቢሞት ግን ገዳዩ ስልክ አይሆንም። የሚገድለው የሰው እጅ ነው፤ ያውም «ለአጅር ብዬ ነው» የሚል እጅ። እስቲ ነገሩን ቀስ ብለን እንየው።

በመጀመሪያ ለስልኩ ሐቁን እንስጠው

እኛ የቴክኖሎጂ ጠላቶች አይደለንም። ይህን ጽሑፍ የምታነቡትም በስልክ ነው። «መክተበቱ ሻሚላ» በሺዎች የሚቆጠሩ የአረብኛ ኪታቦችን በነፃ ለተማሪው አቅርቧል። ድሮ አንድ ሐዲስ የት የት ኪታብ ውስጥ እንደተዘገበ ለማወቅ ደረሳው ጥራዝ በጥራዝ ሲያገላብጥ ቀናት ይፈጅበት ነበር። ዛሬ ሁለት ቃል ጽፎ በሰከንድ ያገኘዋል። ኪታብ ቤት በሌለበት ትንሽ ከተማ የምትኖር እህት የታላላቅ ዑለማዎችን ኪታብ ቤቷ ቁጭ ብላ ታያለች። ዓይናቸው የደከመ አባት ፊደሉን አጉልተው ያነባሉ። ይህ ኒዕማ ነው፤ ኒዕማን መካድ ደግሞ ከእኛ አይጠበቅም።

አንዳንድ የወረቀት ሥራ በእውነት ተሸንፏል። ታዋቂው ኢንሳይክሎፒዲያ ብሪታኒካ ለ244 ዓመታት ሲታተም ከቆየ በኋላ በ2012 እ.ኤ.አ. የወረቀት እትሙን አቁሟል። አንድ ነገር ፈልጎ አግኝቶ ለመዝጋት ብቻ የሚገለጥ መጽሐፍ ወደ ስክሪን መሄዱ ተፈጥሯዊ ነው። በዚህ የምናለቅስበት ምክንያት የለም።

ከአዲስ ነገር መሸሽ ምን እንደሚያስከፍልም ታሪካችን ያስተምረናል። በአውሮፓ የማተሚያ ማሽን የተስፋፋው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በኦቶማኖች ግዛት ኢብራሂም ሙተፈሪቃ በአረብኛ ፊደል መጽሐፍ እንዲያትም የሱልጣኑን ፈቃድ ያገኘው ግን በ1727 እ.ኤ.አ. ነው። ያውም የዲን ኪታቦችን እንዳያትም ተከልክሎ። ከሁለት መቶ ሰባ ዓመት በላይ ያህል ልዩነት ማለት ነው። ሌላው ዓለም አንድን መጽሐፍ በሺዎች እያባዛ ሲያነብ የእኛ ኪታቦች በአንድ ጸሐፊ እጅ አንድ በአንድ ይገለበጡ ነበር። ስለዚህ «ስልክ ፊትና ነው፤ ከሱ ራቁ» የሚለው ጩኸት መልስ አይሆነንም። ያንን መንገድ ኡማው አንድ ጊዜ ሄዶበታል፤ ዋጋውንም ከፍሏል።

ስልክህ ውስጥ ያለው ያንተ ነው?

«አሥር ሺህ ኪታብ አለኝ» ለሚለው ወንድማችን አንድ ጥያቄ እንጠይቀው። በእርግጥ አለህ?

በ2009 እ.ኤ.አ. አማዞን የተባለው ኩባንያ በኪንድል መሣሪያ ገንዘብ ከፍለው የገዙ ሰዎች እጅ የነበሩ መጻሕፍትን ከርቀት ሆኖ አጠፋ። ምክንያቱ የሸጠው ሰው የመሸጥ መብት ስላልነበረው ነው፤ ገንዘቡም ተመልሷል። ሰዎቹ ግን ማታ አንብበው ያስቀመጡትን መጽሐፍ ሲፈልጉት አጡት። የሚገርመው፣ ከጠፉት መጻሕፍት አንዱ የጆርጅ ኦርዌል «1984» ነበር፤ መንግሥት የሰውን ሐሳብና ጽሑፍ ስለሚቆጣጠርበት ዓለም የሚናገረው ልቦለድ። በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ ማይክሮሶፍት የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ መደብሩን ሲዘጋ ደንበኞቹ የገዟቸው መጻሕፍት አብረው ተዘጉ። ገንዘባቸው ተመለሰላቸው፤ መጽሐፋቸው ግን አልተመለሰም። የገዙት መስሏቸው የተከራዩት ነበር። ከኪታብ ቤት የገዛኸውን ኪታብ ግን ሻጩ ሌሊት ቤትህ ገብቶ ከመደርደሪያህ ሊያነሳው አይችልም።

ወደ አገራችን እንምጣ። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ላይ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሳምንታት ቆይቷል። ከዚያ ወዲህም በተለያዩ ክልሎች ለወራት፣ በትግራይ ደግሞ ለሁለት ዓመት ገደማ ተቋርጦ አይተናል። «ኦንላይን አለ» ብሎ የተማመነ ሰው በእነዚያ ቀናት የያዘው ባዶ መስታወት ነበር። መደርደሪያው ላይ አንድ ጥራዝ ተፍሲር የነበረው ሰው ግን ማንበቡን አላቆመም።

«እኔ አውርጄ ነው የማስቀምጠው» የሚል ይኖራል። ጥሩ ነው። ግን ስልክ ይሰረቃል፣ ይወድቃል፣ በሁለት በሦስት ዓመት ይቀየራል። ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። የዳዕዋና የመንዙማ ካሴቶች በየቤቱ በካርቶን ይቀመጡ ነበር። ዛሬ ካሴቱ ቢገኝ እንኳ ቴፑ የለም። ከካሴት በኋላ ሲዲ መጣ፣ ሲዲውም ተጫጭሮ ቀረ። ቀጥሎ ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ መጣ። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ብቻ ስንት ዕቃ ተቀያየረ! በአንጻሩ በሐረር በአብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም የሚገኙትን የእጅ ጽሑፍ ኪታቦች ተመልከቱ። መቶ ዓመታት ያለፉባቸው ናቸው። እነሱን ለማንበብ ዓይንና ብርሃን ይበቃል። ቻርጅ፣ ፓስዎርድ፣ አፕዴት የሚባል ነገር አይጠይቁም።

ታሪካችን ምን ይላል?

«መጽሐፍ በአንድ ዕቃ ብቻ አይጠበቅም» የሚለው ትምህርት ለእኛ አዲስ አይደለም። በየማማ ውጊያ ቁርኣንን በቃላቸው የያዙ ብዙ ሶሐቦች ሲገደሉ፣ ዑመር ረዲየላሁ ዐንሁ ለአቡበክር ረዲየላሁ ዐንሁ ቁርኣኑ እንዲሰባሰብ ሐሳብ አቀረቡ። ሥራው ለዘይድ ኢብኑ ሣቢት ተሰጠ። ዘይድ ተበታትኖ ከተጻፈበት ነገርም፣ ከሰዎች ልብም አሰባሰበው። በዑሥማን ረዲየላሁ ዐንሁ ዘመን ደግሞ ቅጂዎች ተዘጋጅተው ወደተለያዩ ከተሞች ተላኩ። ልብ በሉ፤ ሲጻፍ «ከእንግዲህ ሒፍዝ አያስፈልግም» ያለ የለም። ሒፍዙም አለ፣ ጽሑፉም አለ፤ አንዱ የሌላው ጠባቂ ሆነ። አዲሱ ዕቃ ሲመጣ አሮጌው አልተጣለም።

ይህ ጥንቃቄ በጎደለበት ቦታ የሆነውንም እናውቃለን። ኢብኑ ነዲም በ10ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ የኖረ የመጽሐፍ ሰው ነበር። በዘመኑ የሚያውቃቸውን የአረብኛ መጻሕፍት ስም መዝግቦ «አል-ፊህሪስት» የተባለውን ሥራ ትቶልናል። ከመዘገባቸው መጻሕፍት አብዛኞቹ ዛሬ የሉም። ስማቸው ብቻ ቀርቷል። ጥቂት ቅጂ ብቻ የነበረው መጽሐፍ በእሳት፣ በጦርነት፣ በውሃ ጠፋ። በብዙ ሰው ቤት የነበረው ተረፈ።

የራሳችን ደም ያለበት ምሳሌም አለ። ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ የግብፅ ታላቅ የታሪክ ጸሐፊ ነው። ስሙ እንደሚናገረው ዘሩ ከእኛው ከጀበርት ምድር ነው፤ አባቶቹም በአዝሃር የጀበርቲዎች ሪዋቅ ሸይኾች ነበሩ። ናፖሊዮን በ1798 እ.ኤ.አ. ካይሮን ሲይዝ ማተሚያ ማሽንም ይዞ ነበር የመጣው። ጀበርቲ ወራሪዎቹን አልወደዳቸውም። ካይሮ ላይ ያቋቋሙትን ቤተ መጻሕፍት ግን ሄዶ አይቶ፣ ሰዎች ተቀምጠው እንዴት እንደሚያነቡ በአድናቆት ጽፏል። ጠላት ላይም ቢሆን ያየውን መልካም ነገር አልካደም። በኋላ «ዐጃኢቡል አሣር» የተባለው ታሪኩ የሙሐመድ ዓሊን አገዛዝ ስለነቀፈ በግብፅ ለረጅም ዓመታት እንዳይታተም ተደረገ። ማተሚያ ቤቱ በመንግሥት እጅ ነበርና። መጽሐፉን ያቆዩት ሰዎች በእጃቸው የገለበጧቸው ቅጂዎች ናቸው። ያኔ ሁሉም ሰው «ከእንግዲህ ማተሚያ አለ፣ በእጅ መገልበጥ ይቅር» ብሎ ቢሆን ኖሮ ጀበርቲን ዛሬ ማን ያውቀው ነበር?

በእኛ ዘመን ደግሞ ቲምቡክቱ አለች። በ2012 እ.ኤ.አ. ታጣቂዎች ከተማዋን ሲይዙ ዐብዱልቃዲር ሐይደራና ባልደረቦቹ የጥንት ኪታቦችን በብረት ሣጥን እያደረጉ በመኪናና በጀልባ ወደ ባማኮ አሸሹ። ታጣቂዎቹ በ2013 ጥር ወር ከተማዋን ለቀው ሲሸሹ በአሕመድ ባባ ተቋም የቀሩ ኪታቦችን አቃጠሉ። የሸሹት ተረፉ። ዛሬ ብዙዎቹ ፎቶ እየተነሱ በዲጂታልም እየተቀመጡ ነው። ትክክለኛው አያያዝ ይህ ነው። ወረቀቱን የሚያድን ሰው ባይኖር ግን ለካሜራው የሚቀርብ ነገር አይኖርም ነበር።

ማውረድ ማንበብ አይደለም

ሌላው ነገር የንባቡ ጉዳይ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ቀደም ሲል የተካሄዱ 54 ጥናቶችን ሰብስበው መርምረዋል። በጥናቶቹ ከ170 ሺህ በላይ ሰዎች ተሳትፈዋል። ውጤቱ ምን ሆነ? ልቦለድና ታሪክ ሲሆን በወረቀትና በስክሪን መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ትምህርት ሰጪ ጽሑፍ ሲሆን ግን፣ በተለይ ጊዜ ሲገደብ፣ በወረቀት ያነበቡት የተሻለ ተረድተዋል። ይህ ልዩነት ከዓመት ዓመት እየጠበበ መሄድ ሲገባው እየሰፋ መምጣቱ ደግሞ አስገራሚው ነገር ነው። በቴክኖሎጂ ከሚቀድሙ አገሮች አንዷ የሆነችው ስዊድንም በ2023 እ.ኤ.አ. የታተሙ የመማሪያ መጻሕፍትን ወደ ትምህርት ቤቶች ለመመለስ 685 ሚሊዮን ክሮነር መድባለች። ስክሪኑን ቀድመው የሞከሩት ወደ ወረቀት ሲመለሱ እኛ «ዘመናዊ ነን» ብለን ወረቀቱን እንጥላለን?

ለእኛ ይህ ጉዳይ ከጥናትም በላይ ነው። የዑለማዎቻችን የቂርአት ሥርዓት ኪታብ ተከፍቶ፣ መስመር በመስመር እየተነበበ፣ ሸይኹ እየፈቱ፣ ደረሳው በኅዳጉ ላይ እየጻፈ የሚሄድ ነው። በወሎ ዳናንና ጀማ ንጉሥን የመሰሉ የዒልም ማዕከላት ስማቸው የገነነው በዚህ ነው። ደረሳው ከመንደሩ ወጥቶ፣ ርቦት፣ እንግድነት ተንከራቶ አንድ ኪታብ ጨርሶ ሲወጣ «ቀርቻለሁ» ይላል፤ ማንም አይጠራጠረውም። የዘንድሮው ወጣት ግን አምስት መቶ ፒዲኤፍ አውርዶ አንዱንም ሳይጨርስ «አለኝ» ይላል። በአለኝና በቀርቻለሁ መካከል ያለው ርቀት የሰማይና የምድር ነው።

እስቲ ራሳችሁን ታዘቡ። ስልክ ላይ አንድ ገጽ ማንበብ ትጀምራላችሁ። ሦስተኛው መስመር ላይ መልእክት ይገባል። መልእክቱን ስትከፍቱ ከጎኑ ቪዲዮ አለ። ከቪዲዮው በኋላ ሌላ ቪዲዮ አለ። ሰዓት ስታዩ ዒሻ ደርሷል፤ ገጹ አሁንም ያ ገጽ ነው። ኪታቡ ስልኩ ውስጥ መኖሩ ምን ጠቀመ?

አሁን ወደ ገዳዩ እንምጣ

እስካሁን የተናገርነው የታተመ መጽሐፍ ለምን እንደሚያስፈልግ ነው። ለምን ሊሞት እንደሚችልስ?

አንድ የአማርኛ ኢስላማዊ መጽሐፍ እንዴት እንደሚወለድ አስቡ። ተርጓሚው ወይም ጸሐፊው ከሥራው ተርፎ ሌሊት ሌሊት ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይለፋል። ዓሊም ያርመዋል። አርታኢ ያየዋል። ገጹ ይቀናበራል፣ ሽፋን ይሠራለታል። ማተሚያ ቤት ቅድመ ክፍያ ይጠይቃል። ወረቀት በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ዕቃ በመሆኑ ምንዛሪው በጨመረ ቁጥር የሕትመቱ ዋጋ ይጨምራል። ጸሐፊው ተበድሮ ጥቂት ቅጂ ያሳትማል። በታላቁ አንዋር መስጂድ ዙሪያና በየክልሉ ከተሞች ላሉ ኪታብ ቤቶች በዱቤ ያከፋፍላል። ገንዘቡ የሚመለሰው መጽሐፉ ቀስ በቀስ ሲሸጥ ነው።

በዚህ መሐል አንድ ወንድም አንድ ቅጂ ገዝቶ፣ ገጽ በገጽ ስካን አድርጎ፣ «ሼር በማድረግ የአጅሩ ተካፋይ ይሁኑ» ብሎ ቴሌግራም ላይ ይለጥፈዋል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሺዎች ያወርዱታል። ኪታብ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ያለው መጽሐፍ አቧራ ይጠጣል። ጸሐፊው ብድሩን አልከፈለም። ሁለተኛውን መጽሐፍ ይጽፋል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ?

ይህን ስንናገር የሚሰጡን መልሶች አሉ። አንድ በአንድ እንመልከታቸው።

«ኢልም አይሸጥም» ይሉናል። እሺ፣ ኢልሙ አይሸጥ። ወረቀቱስ? የማተሚያ ቤቱ ሠራተኛ ደመወዝስ? የጸሐፊው ልጆች የሚበሉትስ? ዳቦ ሪዝቅ ነው ብሎ ዳቦ ቤት ገብቶ ሳይከፍል የሚወጣ ሰው የለም። ይህን ጥያቄ ፉቀሃዎችም መልሰውታል። ከተለያዩ አገሮች የተውጣጡ ዑለማዎች የሚገኙበት ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ በ1988 እ.ኤ.አ. ኩዌት ላይ ባደረገው ጉባኤ፣ በውሳኔ ቁጥር 43፣ የድርሰትና የፈጠራ መብት በሸሪዓ የተጠበቀ መብት መሆኑንና መጣስ እንደማይፈቀድ ወስኗል። በአገራችንም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥቷል። ሸሪዓውም ሕጉም አንድ ቃል ከተናገሩ «አላወቅንም» የሚል ምን ይላል?

«መጽሐፉ ውድ ነው፤ ድሃው ከየት ያምጣ?» ይሉናል። ይህ እውነተኛ ችግር ነው። መፍትሔውም በዲናችን አለ፤ ወቅፍ ይባላል። ለድሃው ያዘንክ ከሆነ አሥር ቅጂ ገዝተህ ለመስጂድህ ወቅፍ አድርግ። የሌላን ሰው ንብረት አንስቶ ለድሃ መስጠት ግን ሰደቃ አይባልም። ሰደቀቱል ጃሪያ ከራስ ገንዘብ ነው የሚወጣው።

«ጸሐፊው አጅሩን ከአላህ ያገኛል» ይሉናል። ያገኛል፣ ኢንሻአላህ። ያ ግን የእርሱና የጌታው ጉዳይ ነው። የእርሱን ሐቅ በእርሱ ስም ይቅር የማለት ሥልጣን ማን ሰጠህ?

እዚህ ላይ እንዳንሳሳት። ጸሐፊው ራሱ ፈቅዶ የለቀቀው መጽሐፍ አለ፤ እርሱን ማሰራጨት ኸይር ነው። ባለቤቶቻቸው ከመቶ ዓመታት በፊት ያለፉ የጥንት ኪታቦች መነሻ ጽሑፍም አለ፤ እሱም የሁላችን ነው። የምንናገረው ዛሬ በሕይወት ያለ ጸሐፊ፣ ዛሬ ተበድሮ ያሳተመውን መጽሐፍ ያለፈቃዱ ስለመበተን ነው።

አማናም አለ። በቴሌግራም የሚዞረውን ፒዲኤፍ ልብ ብላችሁ አይታችሁታል? ገጽ ተዘሏል። የመጀመሪያው ገጽ ተቆርጦ የጸሐፊው ስም ጠፍቷል። ከመጽሐፉ ሁለት መስመር ስክሪንሹት ተደርጎ፣ ከላይና ከታች ያለው ማብራሪያ ተትቶ፣ ለክርክር ይዘምትበታል። የተባለውን ዓሊሙ ይበለው አይበለው የሚያጣራ የለም። የታተመ መጽሐፍ ስም አለው፣ አሳታሚ አለው፣ ዓመተ ምሕረት አለው፣ ስሕተት ቢገኝበት የሚጠየቅ ሰው አለው። ኢስናድን ያህል ነገር ለዓለም ያስተማረ ኡማ «ከአንድ ቻናል ያገኘሁት» በሚል ማስረጃ መርካቱ ያሳፍራል።

ዘሩን የበላ ገበሬ

የነገሩ እምብርት እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቻችሁ በስልካችሁ ላይ የቁርኣን አፕ አላችሁ። የአማርኛውን ትርጉም ስትከፍቱ የምታገኙት ስም የሸይኽ ሙሐመድ ሳዲቅና የሐጂ ሙሐመድ ሣኒ ሐቢብ ነው። ያ ትርጉም ከአፕ አልተወለደም። በ1961 ዓ.ም. በወረቀት የታተመው ትርጉም ነው፤ ዑለማዎች ተቀምጠው ለፍተውበት፣ ተርመው፣ ታትሞ፣ በየቤቱ ገብቶ፣ ከአርባና ሃምሳ ዓመት በኋላ ወደ ስልካችሁ የገባ። ሻሚላ ውስጥ ያሉት ኪታቦችም እንዲሁ ናቸው። አንድ ሰው በእጅ ገለበጣቸው፣ ሌላው አመሳክሮ አሳተማቸው፣ ከታተመው ተቀድተው ኮምፒውተር ገቡ። ስልኩ የሚበላው ወረቀቱ ያመረተውን ነው።

ገበሬ በክፉ ቀን እንኳ የዘር እህሉን አይነካም። ከነካው ያን ሳምንት ይጠግባል፤ ክረምት ሲመጣ ግን የሚዘራው የለውም። ያለፈቃድ የተበተነ ፒዲኤፍ የተበላ ዘር ነው። ዛሬ ሁላችንም በነፃ እንጠግባለን። ነገ ግን የሚተረጉም ሰው አይኖርም፣ የሚያሳትም ነጋዴ አይኖርም፣ ለስልኩም የሚገባ አዲስ ነገር አይኖርም። አረብኛ ብዙ አንባቢ፣ ብዙ አሳታሚ አለው፤ ይህን ጉዳት ይችለው ይሆናል። የአማርኛው ገበያ ግን ጠባብ ነው። ጥቂት መቶ ገዢ ሲጎድል መጽሐፉ ይሞታል። የወሎ ዑለማዎች አማርኛን በአረብኛ ፊደል እየጻፉ፣ ሸይኽ ጦልሓ ኢብኑ ጀዕፈርን የመሰሉ ሰዎች ሕዝቡን በቋንቋው እያስተማሩ ያቆዩትን ድካም በእኛ ዘመን እንዲቆም አንፈልግም።

ምን እናድርግ?

ለቅሶ ብቻ አይበቃም። በእጃችን ያለ ነገር አለ።

አንደኛ፣ የሰፈር ጓደኛሞች የመጽሐፍ ዕቁብ ጀምሩ። አሥር ሆናችሁ በወር አነስተኛ ገንዘብ ብታዋጡ በየወሩ አንድ አዲስ መጽሐፍ ይገዛል። መጽሐፉ በአሥሩም ቤት ይዞራል፣ በወሩ መጨረሻ ቁጭ ብላችሁ ትወያዩበታላችሁ። ዕቁብ ለሶፋና ለፍሪጅ ብቻ የተፈጠረ አይደለም።

ሁለተኛ፣ መስጂዳችሁ ውስጥ መደርደሪያ ካለ አቧራውን አራግፉ፤ ከሌለ አሠሩ። ለኒካሕ፣ ለምርቃት፣ ለዒድ ስጦታ ስታስቡ መጽሐፍ አስቡ።

ሦስተኛ፣ ፒዲኤፍ ከመላካችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ጸሐፊው ፈቅዷል? ካልፈቀደ አትላኩ። የቻናል ባለቤቶችም ያለፈቃድ የለጠፋችሁትን አንሱ፤ በምትኩ መጽሐፉ የት እንደሚሸጥ አስተዋውቁ። በአንድ መጽሐፍ ማስታወቂያ የምታገኙት አጅር ከተሰረቀው ፋይል ይበልጣል።

አራተኛ፣ ለጸሐፊዎችና ለአሳታሚዎችም የምንለው አለ። ወጣቱ ስልክ ላይ መሆኑን እያወቃችሁ በወረቀት ብቻ መቆም አያዋጣም። ዲጂታል ቅጂውን ራሳችሁ በርካሽ አቅርቡት፤ ተማሪው በቴሌብር ከፍሎ በሐላል ያውርደው። ሐላሉ መንገድ ሲዘጋ ሐራሙ ይሰፋል። የወረቀቱንም ጥራት ጠብቁ። በወሩ ገጹ የሚረግፍ፣ በፊደል ግድፈት የተሞላ መጽሐፍ እየሸጡ «አንባቢ ጠፋ» ማለት ተገቢ አይደለም።

አምስተኛ፣ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የአያቶች የእጅ ጽሑፍ ኪታብ ያላችሁ አሳዩን፣ ፎቶ አስነሷቸው፤ ወረቀቱን ግን እንዳትሸጡ፣ እንዳትጥሉ። ስልኩ እውነተኛ አገልግሎት የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው።

የታተመ መጽሐፍ በዲጂታል ዘመን ይኖራል ወይ? መልሱ ከቴክኖሎጂ ባለሙያዎች አይጠበቅም። መልሱ የሚገኘው የሚቀጥለው መጽሐፍ ሲታተም ነው። ጸሐፊው ብድሩን መክፈል ከቻለ ይኖራል። ካልቻለ ደግሞ ገዳዩን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ይወፍቀን፤ የሰውን ሐቅ ከሚጠብቁት ያድርገን። ዑለማዎቻችንን፣ ጸሐፊዎቻችንንና ተርጓሚዎቻችንን ይጠብቅልን። ኣሚን።

ወሏሁ አዕለም።